ደም ያልነካው ጥጥ

ጠብታ ደም ሳያፈስ ሰው በመስበር ከአባያ እስከ ጫሞ ሐይቅ የሚስተካከለኝ ወንድ አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ እናቱ ከቤት አታስወጣውም። ክንድ ስሰብር ቆዳ አይላጥም። ጎድን ስሰብር ከንፈር አይቀላም። አንዴ አንዱን በጥፊ ብመታው ዞሮ ዞሮ ሲቆም ፊቱ ወደ ጀርባው ነበር፤ ከአፍንጫው ግን እንኳን ደም ንፍጥ አልወጣም። ይህን ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ከተመቺው በስተቀር።

ስሜ ማልዳዬ ነው። የኮዶ መንደር የጥጥ ክምር ዋና ጠባቂ ነበርኩ። አሁን የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት አፌን ያያል፤ የፊት ጥርሶቼ የሉም። አንዳንዴ አዞ ስስም ወለቁ እላለሁ፤ አንዳንዴ መኪና በጥርሴ ስጎትት። ዛሬ እንደነበረው እነግራችኋለሁ። ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ መኪናውም አላመነኝም።

ጥጥ በእኛ ዘመን የሚሸጠው በማኅተም ነው። ማኅተሙ ጥጡ ከተዘራበት ቀን እስከ ተለቀመበት ማንም ሰው እንዳልተበደለ ይመሰክራል። ባሕር ማዶ ያሉት ለባሾች፣ እኛ ባለሸሚዝ የምንላቸው፣ ማኅተም የሌለው ልብስ ገላቸውን ያሳክካቸዋል አሉ። ስለዚህ ማኅተም የሌለው ጥጥ ትራስ ይሞላበታል እንጂ ገበያ አይወጣም፤ በትራስ ደግሞ አገሩ ጠግቧል። ማኅተም ያለው መንደር የውሃ ፓምፕ አለው። ሐይቁ ከሸሸን ወዲህ ከፓምፑ ሌላ ውሃ የለም። ማኅተሙ የተነሳ ዕለት ፓምፑም ዝም ይላል።

መኪናው ሹፌር የለውም፤ አፍንጫ ግን አለው። በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ክምሩን ያሸታል። የሚፈልገው የሰው ደም ነው። ደም ካገኘ የደሙን ባለቤት ጠርቶ «ተበድለዋል?» ይላል። ሰውዬው «አልተበደልኩም» ካለ ጥጡ ያልፋል። «ተበድያለሁ» ካለ «በማን?» ይባላል፤ ስሙ የተጠራው ሰው በዚያችው ሰዓት ከመንደሩ ይባረራል፣ ጥጡም ያልፋል። ተበድያለሁ ብሎ ስም ያልጠራ እንደሆነ ግን መኪናው ባዶውን ይመለሳል፤ ማኅተሙም አብሮት ይሄዳል። ይህን ሕግ የእኛ ልጆች ከፊደል በፊት ያውቁታል።

እናም ከለቀማው መጀመሪያ መኪናው እስኪመጣ ኮዶ እንዲህ ይኖራል። ምላጭ፣ ቢላና መጥረቢያ ተሰብስቦ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ወንዱ ሁሉ ጢሙን ያሳድጋል፤ የእኔ ጢም ለቀማው ሳይጋመስ ጉልበቴ ላይ ይደርስ ነበር። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ደረቁን ወንዝ ተሻግራ ትቀመጣለች፤ መውለጃዋ የደረሰም እንዲሁ። በለቀማ ወራት የተወለደ ሁሉ «የማዶ ልጅ» ይባላል። ድዱ የሚደማ ሰው ጥርሱን አይፍቅም። የደረቀው የጥጥ ቅርፊት ጫፉ እንደ መርፌ ነው፤ ጓንቱን አልፎ የወጋው ለቃሚ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ እየሮጠ ከማሳው ይወጣል። ጎልማሳው፣ አሮጊቷ፣ የቤተ ክርስቲያን መሪው ሳይቀር ጣታቸውን እየጠቡ ሲሮጡ ያየ እንግዳ ሰው መንደሩ አብዷል ይላል። እኛ ግን አንሳሳቅበትም ነበር።

ማኅተማቸውን ያጡት መንደሮች ምላጫቸውን አልቀበሩም። ጥጥ መዝራትም አልተዉም፤ ሌላ ምን ያውቃሉ? ጥጣቸውን በአህያ ጭነው፣ ምላጩን የራሳቸው አንጓ ላይ አስደግፈው ማኅተም ወዳለው መንደር ይመጣሉ። «ጥጣችንን ከክምራችሁ ቀላቅሉልን፤ አለዚያ እላዩ ላይ እንደማለን፣ ስምም አንጠራም» ይላሉ። ድሮ ሰው የሚፈራው የሌላውን ደም ሊያፈስ የመጣን ነበር አሉ። እኛ የምንፈራው የራሱን ሊያፈስ የመጣውን ነው።

የእኔ ጥበብ የተፈለገው ለዚህ ነው። ዱላ ቆዳ ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ዱላ የለንም። የጥጥ ፍሬ የጠቀጠቅንበት ከረጢት አለን፤ በእሱ የተመታ ውስጡ ይፈርሳል እንጂ ላዩ አይታወቅም። ለመጠቅለያ እርጥብ አንሶላ አለን። ክርንና ጉልበት አለን። ጥፍራችን ሥጋው ድረስ ተከርክሟል። ይህን ለመንደሩ ጎረምሶች ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ከሁሉም የተሻለው ተማሪዬ ዳልኬ የሚባለው ጎረቤቴ ነበር። በአንድ አውራ ጣት በሬ አስተኛ ነበር። እሺ፣ ጥጃ።

ደግሞ ሳጥኗ አለች። በየገበሬው በር ላይ አንዳንድ ሳጥን ተሰቅሏል፤ በየማለዳው የዚያን ገበሬ ጥጥ የለበሰው ባለሸሚዝ በእሷ በኩል ይጠይቃል። «እንደምን አደሩ? ተበድለዋል?» ትላለች። ሌላው ሰው «አልተበደልኩም» ብሎ ወደ ማሳው ይሄዳል። እኔ ግን ሰው ከባሕር ማዶ ተነስቶ ደህንነትህን ሲጠይቅህ አንድ ቃል ወርውሮ መሄድ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። አጫውታቸው ነበር። ጉማሬ ተሸክሜ ሐይቁን እንደተሻገርኩ ነገርኳቸው። ጥጡን በአንድ እጄ ስለቅም በሌላው አንበሳ አንቄ እንደያዝኩ ነገርኳቸው። አንድ ማለዳ ሳጥኗ «የእርስዎ ቃል ከእንግዲህ ለጨዋታ የተያዘ ነው። እንደ ምስክርነት አይመዘገብም» አለችኝ።

መንደሩን እየዞርኩ አወራሁት! በመላው ጋሞ ቃሉ ለጨዋታ የተያዘለት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ሚስቴ ርብቃ ብቻ አልሳቀችም።

«እውነት የምትናገር ዕለት ምን ልትሆን ነው?» አለችኝ።

«እውነት ልናገር? ምን አጥቼ?» አልኳት።

መኪናው ሊመጣ በተባለበት ቀን ርብቃ መውለጃዋ ደርሶ ወንዝ ማዶ ነበረች። እኔ ጠዋቱን ክምሩን እየዞርኩ ስጠብቅ ቆየሁ። ያን ዓመት ያከማቸነው ጥጥ ከጨረቃ ላይ የሚታይ ነበር። ደመና የሚመስለው ክምር ቀና ብላችሁ ካላያችሁት ጫፉ አይታያችሁም። ፀሐዩ ሲበረታ አቧራው ተነሳ፤ ከአቧራው ውስጥ አህዮች ወጡ፣ ከአህዮቹ ኋላ የሳሎ ሰዎች።

ሳሎ ከእኛ በላይ ያለ መንደር ነው። ዓምና አንዲት ለቃሚ ጣቷ ደምቶ መኪናው ሲጠይቃት «ተበድያለሁ» አለች፤ በማን ስትባል ዝም። ለምን ዝም እንዳለች የገባው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ፓምፓቸው ተዘጋ። አሁን ከፊት ሆኖ የሚመራቸው አንጁሎ ነበር፤ የርብቃ ወንድም፣ የእኔ አማች። ምላጩ አንጓው ላይ ነው።

«አማቼ!» አለ ከሩቅ። «ይህ ጢም ምንድነው? ፍየል ውጠህ ጅራቱ ውጭ የቀረ ትመስላለህ።»

«ና ልሳምህ፤ ምላጯን ብቻ ጣላት።»

«እህቴ ወለደች?»

«ገና ናት። ስትወልድ ባጎቱ ስም እንዳትጠራው ለምኛታለሁ።»

የእነሱም ሰዎች ሳቁ፤ የእኛም። ሲስቁ ከንፈራቸው ሲሰነጠቅ አየሁ፤ ውሃ የጠጣ ከንፈር አልነበረም። አንጁሎ ሳቁን አቆመ።

«ማልዳዬ፣ ቀልዱ ይቆየን። ይህች ያመጣናት ጥጥ በእናንተ ክምር ላይ እንደ ጨው ናት። አፍንጫው ደም እንጂ መንደር አያሸትም። ቀላቅሉልን፤ ሽያጩ ሲመጣ ውሃ እንገዛበታለን። ልጆቹ ጭቃ እየጨመቁ ነው የሚጠጡት።»

«ዛሬ ለሳሎ ከፈቀድን ነገ አገሩ ሁሉ አህያውን ጭኖ ይመጣል።»

«እሱ የነገ ነው።»

«አንጁሎ፣ ሂድ።»

«እንግዲህ እንደማለን» አለና ክንዱን ወደ ክምሩ ዘረጋ።

አፏጨሁ። ዳልኬ ከአህያ ኋላ ብቅ ብሎ የመጀመሪያውን ሰው በእርጥብ አንሶላ ጠቀለለው፤ ክንዶቹ ከጎኑ ጋር ተጣብቀው ምላጩ አንሶላው ውስጥ ቀረ። ከዚያ በከረጢቱ ሁለት ጊዜ ደረቱ ላይ። ሰውዬው እንደ ባዶ ጆንያ ተቀመጠ። ሁለተኛው ምላጩን ጥርሶቹ መካከል ይዞ ነበር፤ ምላሱን ሊቆርጥ። መንጋጋውን ከግራና ከቀኝ ይዘው እስኪወልቅ ከፈቱት፤ ምላጩን በሁለት ጣት ለቀም አድርገው አወጡና አፉን በጥጥ ጠቀጠቁት። ቀጥሎ የነበረው ሽማግሌ ቢጤ ነው፤ ምላጩ ቆዳው ላይ ይደንስ ነበር። አውራ ጣቱን ወደ ኋላ አጠፉት። ድምፁ ደረቅ የጥጥ ቅርፊት ስትረግጡ የምትሰሙት ነው። ከዚያ ሌላውን እጅ።

ጩኸት አልነበረም። የወደቀው ሁሉ አፉ ውስጥ ጥጥ ይገባለታል፤ ጥርሱን ነክሶ ምላሱን የሚያደማ እንዳይኖር። ስለዚህ ከሩቅ ላየን ሰው ሥራ የምንሠራ እንመስል ነበር። አንዱ ሲጠቀልል አንዱ ይመታል፣ አንዱ ሲጎትት አንዱ ይደረድራል። አህዮቹ ቆመው ሣር ይፈልጋሉ። አንድ የሳሎ ጎረምሳ አምልጦ ግንባሩን ከድንጋይ ጋር ሊያጋጭ ሲሮጥ ሦስት ሰዎች ድንጋዩ ላይ ተኝተው ትራስ ሆኑለት፤ ከዚያ እግሩን ከጉልበቱ አዙረው ሰበሩት። ያን ዕለት እኔ ብቻዬን የጣልኩት አንድ ሻለቃ ጦር ይሆናል። ሳሎ ያን ያህል ሰው የለውም ትሉኝ ይሆናል፤ አንዳንዱን ደጋግሜ ጥየዋለሁ።

በዚህ መሐል አንጁሎ ክምሩን ወጣ። ቀና ስል እላይ ቆሟል፤ ምላጩ ያብረቀርቃል። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ የዘለልኩ ይመስለኛል፣ የበረርኩ የሚሉም አሉ። ምላጩ ቆዳውን ከመንካቱ በፊት እጁን ያዝኩት።

«አማቼ፣ ልቀቀኝ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አንዲት ጠብታ ብቻ።»

አንጓውን አጣመምኩት። ተሰበረ። ምላጩን ወደ ውጭ ወረወርኩ። በሌላው እጁ ጢሜን ሲይዝ አንገቱን ጨብጬ በጭንቅላቱ ጥጡ ውስጥ ሰካሁት፤ ትከሻው ገባ፣ ወገቡ ገባ። እግሩን አጥፌ ከተትኩትና ላዩ ላይ ጥጥ ጎትቼ ተቀመጥኩበት። ከበታቼ ሲንፈራገጥ እንደ ፈረስ ጋለብኩት። እታች ላሉት ልጆች እጄን አውለበለብኩ፤ ሳቁልኝ። ቆይቶ መንፈራገጡን ተወ።

«ይብቃ!»

የሰማሁት የአማቴን የሐላቃ ኦቶሮን ድምፅ ነው። ሐላቃ የሽማግሌ ማዕረግ ነው፤ እሳቸው የአንጁሎና የርብቃ አባት ናቸው። ከሐይቁ ዳር በእጃቸው የነጩትን እርጥብ ሣር ከፍ አድርገው ይዘው፣ በአቧራው ላይ በጉልበታቸው እየሄዱ መጡ። በተደባዳቢዎቹ መካከል ቆሙ፤ ቆሙ ስል ተንበረከኩ ማለቴ ነው።

በጋሞ ምድር ሽማግሌ ተንበርክኮ እርጥብ ሣር ሲያሳይህ አልፈኸው አትራመድም። ሰው ልትገድል እየሮጥክ ቢሆንም ትቆማለህ። መኪናው መጣ፣ ማኅተሙ መጣ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ይህ ግን አልተለወጠም። የዳልኬ ከረጢት ከእጁ ወደቀ። ሁሉም ወደቀ። እኔም ከክምሩ ተንሸራትቼ ወረድኩ። አንጁሎ በወዲያኛው በኩል ሾልኮ ከክምሩ ኋላ ወዳለው የሙዝ ማሳ ውስጥ እንደሮጠ ገመትኩ፤ እንደዚያ መገመቱ ደስ አለኝ።

«ልጆቼ» አሉ ሐላቃ፣ «እነዚህን አያችኋቸው? ደም የላቸውም። ደም ስለሌላቸው ሰላም ነው ትላላችሁ?»

አንድ አፉ የተጠቀጠቀ ሰው ጥጡን ሊተፋ ሲታገል ይሰማል።

«የሳሎ ጥጥ ከኮዶ ጥጥ ይቀላቀል። ነገ ሌላው ሲመጣ ነገ እንመክራለን። ማልዳዬ፣ አንተ የኮዶ ዋና ነህ። ትቀበላለህ?»

«ሣሩን ይዘው እምቢ ይባላል እንዴ፣ አባቴ?»

አህዮቹ ተራገፉ። ደህና ክንድ የቀራቸው የሳሎ ሰዎችና እኛ ጎን ለጎን ሆነን ጥጡን ወደ ክምሩ ጨመርን። ሲያልቅ ሐላቃ እንደ ወጉ ሣሩን ጠብ በተነሳበት ነገር ላይ፣ ማለትም ክምሩ ላይ፣ አኖሩት። መዳፋቸውን ያየ ሰው አልነበረም።

ፀሐዩ ሲያዘነብል መኪናው መጣ። ረጅሙን አፍንጫውን ከክምሩ በላይ ዘርግቶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አሸተተ። ሣሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ደም ተገኝቷል። የደሙ ባለቤት ይቅረብ።»

የሐይቁ ዳር ሣር ጠርዙ ስለት ነው። ሐላቃ በባዶ እጃቸው ሲነጩት መዳፋቸውን ቆርጧቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ አጥንት ስንሰብር አንዲት ጠብታ አልወጣችም፤ ያወጣት ዕርቁ ነው። ሽማግሌው ወደፊት ወጡ።

«ተበድለዋል?» አለ መኪናው።

«ሣር ነው የቆረጠኝ። ሣር አይበድልም። አልተበደልኩም።»

«ተመዝግቧል። ጥጡ አልፏል።»

እልልታው! እልልታው ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ካሉት ሴቶች እልልታ ጋር ተጋጨ፤ በግጭቱ ወፍ ከሰማይ ወደቀ። የመኪናው ቱቦ ወርዶ ክምሩን ከጥግ መምጠጥ ጀመረ። የተመጠጠው በወዲያ በኩል እንደ ጡብ ተጨምቆ፣ በሽቦ ታስሮ ይወጣል። ሰው ይተቃቀፋል። ሐላቃ ግን ሥራቸውን አልጨረሱም። ሣሩን ከክምሩ አንስተው ለሁለት ከፈሉት፤ ዕርቅ የያዙት ሁለቱ ዋናዎች እኩል እኩል ይይዛሉ። ግማሹን በእጄ አኖሩት። ሣሩን የያዘ ሰው ሁለት ነገር አይችልም። ውሸት አይናገርም፤ የታረቀውን በስም ጠርቶ አይከስስም።

«የሳሎ ዋና አንጁሎ ነው» አሉ፣ ሌላውን ግማሽ እንደያዙ። «አንጁሎ የታለ?»

ቱቦውን አየሁት። ክምሩን እየበላ ነው።

ዳልኬ ከኋላዬ መጥቶ በጆሮዬ «ሸሽቷል በል» አለኝ። «ሞቶ ከሆነ ሞቷል፤ የሞተ ሰው ቢጨመቅ ምን ያህል ይደማል? በሕይወት ካለ ግን አውጥተኸው... ማልዳዬ፣ ፓምፑን አስብ። ሚስትህን አስብ።»

አሰብኳት። ሕይወቴን ሙሉ አፌ ሳይጠየቅ የሚሮጥ፣ ሳይታዘዝ የሚፈጥር አፍ ነው። «ወደ ሙዙ ሮጧል» ለማለት ከፈትኩት። ሣሩ እጄ ውስጥ እርጥብ ነበር፤ አፌ ባዶውን ተከፍቶ ቀረ።

«ክምሩ ውስጥ ነው» አልኩ።

ሳቁብኝ። «ይሄ ሰውዬ!» አሉ። «ዛሬም?» አለች አንዲት ሴት ዓይኗን እየጠረገች። ሐላቃ ብቻ አልሳቁም።

«እውነቴን ነው! ቀብሬው ተቀምጬበታለሁ!» ስል ይባስ ተንከተከቱ፤ እንደ ፈረስ ስጋልብ ያዩኝ እንኳ። ትቻቸው ወደ ክምሩ ሮጥኩ፤ በሁለት እጄ እንደ ከርከሮ ቆፈርኩ። የቱቦው ንፋስ ጢሜን እየጎተተ ነው። ሽማግሌው ከጎኔ ሆነው ይቆፍራሉ። አንድ ተረከዝ አገኘሁ። ጎተትኩ። ሳቁ ቆመ።

አንጁሎን መሬት ላይ አስተኛነው። ፊቱ እንደ አመድ፣ አፉ በጥጥ የተሞላ። ጥጡን ከጉሮሮው እየመዘዝኩ አወጣሁ፤ ማለቂያ የሌለው ፈትል ይመስል ነበር። ደረቱን ገፋሁ። አንዴ፣ ደግሞ። አባትየው ሌላውን የሣር ግማሽ በልጃቸው ጣቶች መካከል አስገብተው ጨበጡለት፤ ሲነቃ ለበቀል እንዳይነሳ። እኔም በአንድ እጄ ሣሬን እንደያዝኩ ነኝ። አንጁሎ በድንገት አየር ሳበ፤ ሙሉ መንደር የሚስብ ይመስል። ከዚያ አሳለ። ሲያስል አፍንጫው ፈነዳ።

ደሙ ክምሩ ላይ ተረጨ። እውነቴን ነው፣ በዚህ አላጋንንም፤ ትንሽ ነበር። ነጭ ላይ ግን ትንሽ የሚባል ደም የለም።

ቱቦው ቆመ። አፍንጫው መጣ።

«ደም ተገኝቷል። ተበድለዋል?»

አንጁሎ ተቀመጠ። የተሰበረውን እጁን አየ፣ ሰዎቹን አየ፤ ክንዳቸው የተንጠለጠለ፣ መንጋጋቸው የወለቀ። ከዚያ በደህነኛው እጁ ያለውን ሣር አየ።

«ተበድያለሁ» አለ።

«በማን?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስሜን ቢጠራ እኔ ብቻ እባረራለሁ፤ ጥጡ ያልፋል፣ የኮዶም የሳሎም። ሁለት መንደር ውሃ ይጠጣል። እኔ ራሴ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስባረር አንገቴን ቀና አድርጌ እንዴት እንደምሄድ፣ ምን እንደሚወራልኝ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ።

«ጥራው!» ጮኹ የእኛ ሰዎች።

«ጥራው እንጂ!» ጮኹ የእነሱ፣ አፋቸው የተፈታላቸው።

አንጁሎ አየኝ፤ ሣሩን አየ። ቀስ ብሎ ጣቱን አነሳ፤ በእኔ ላይ አለፈና መኪናው ላይ አቆመው።

«በአንተ።»

«መልሱ አልተመዘገበም። በማን?»

«ለሳሎ ውሃውን የዘጋው ማነው? በአንተ ነው የተበደልኩት። ዓምና ያቺ ለቃሚም የምትጠራው ስም ያጣችው ለዚህ ነው፤ ጣቷን የወጋት ቅርፊት ነው፣ የበደላት ግን ሌላ። በአንተ፣ በሚለብሱትም።»

«መልሱ አልተመዘገበም። የመጨረሻ ጥያቄ። በማን?»

አንጁሎ ዝም አለ። ያኔ ነው እኔ መሐል የገባሁት።

«በእኔ ነው! እኔ ነኝ የቀበርኩት! ማልዳዬ፣ የኮዶው! እጁን የሰበርኩ እኔ፣ የተቀመጥኩበት እኔ! እኔን አባር!»

አፍንጫው ወደ እኔ ዞረ።

«የዚህ ድምፅ ቃል ለጨዋታ የተያዘ ነው።»

«ዛሬ ጨዋታ አይደለም! ሣር ይዣለሁ፣ ይኸው!»

«የዚህ ድምፅ ቃል ለጨዋታ የተያዘ ነው። እናመሰግናለን።»

መኪናው ሆዱን ከፈተ። የታሰሩትን ጡቦች አንድ በአንድ ወደ አቧራው ተፋቸው፤ ሽቦው እየተበጠሰ ጥጡ እንደ ሬሳ ሆድ ተነፋ። ቱቦውን ጠቀለለ፣ ዞረ፣ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም የምንሰማው ፓምፕ አንዴ አሳለና ዝም አለ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደምንሰማው እንኳ አናውቅም ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ዳልኬ ነው። «ይቅርታ፣ ማልዳዬ» አለና በክርኑ ሆዴን መታኝ፤ ከልማድ የተነሳ ያለ ደም። ከዚያ ቆም ብሎ አሰበ። ከእንግዲህ ደም ለማንም አያስቸግርም። ድንጋይ አነሳ። ኮዶና ሳሎ ጥጥ ከመቀላቀል ቀጥሎ አንድ ሆነው የሠሩት ሥራ እኔን መደብደብ ነበር። ክንድ የሌለው በእግሩ፣ እግር የሌለው በጥርሱ። የፊት ጥርሶቼን ያወለቀችው ያቺ ዓይኗን እየጠረገች የሳቀችው ሴት ናት፤ በሙቀጫ ዘነዘና። አዞ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቢላው የተቀበረበትን ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎችን በአንድ ዓይኔ አየሁ፤ ሌላው ዓይኔ ተዘግቷል።

በዚህ መሐል ከባድ ነገር ጀርባዬ ላይ ተቀመጠ።

«ተራዬ ነው» አለ አንጁሎ። «አማቼን እኔ ነኝ የምቀመጥበት። ማንም አይንካብኝ።»

ሊመቱኝ የፈለጉ እሱን ሳይመቱ አልቻሉም። ከፊቱ ደግሞ አባትየው መጥተው ተንበረከኩ፤ ሣር አልነበራቸውም፣ የተቆረጠውን መዳፋቸውን ብቻ ዘረጉ። ከጉድጓዱ ቢላ ያወጡት ሰዎች መዳፉን አዩት። ቆሙ። ቆይተው ተራ በተራ ሄዱ። ክምሩ እዚያው ቀረ፤ ነጩ ላይ ቀይ ነጥቦች። የሚጠብቀው አላስፈለገም።

«እንደ ፈረስ አትመችም» አለ አንጁሎ ከላይ።

«ወርደህ ሞክር፤ በእግርህ ሂድ።»

«ጥርስህ ስንት ቀረ?»

«አንተን ለመንከስ የሚበቃ።»

ሳቀ። ሲስቅ የአፍንጫው ደም አንገቴ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሞቃት ነበር። ከወንዙ ማዶ ሴቶቹ አሁንም እልል ይላሉ፤ ገና አልሰሙም፣ ወይም አንዷ ወልዳለች። ሳቁ አለቀበት። ጎንበስ ብሎ እንደዚያች ሳጥን አድርጎ፣ በዝግታ ጠየቀኝ።

«ማልዳዬ፣ ተበድለሃል?»

አፌን ከፈትኩ። ጡጫዬን አየሁ። ሣሩ አሁንም እውስጡ ነበር፤ ውሸትም ስምም አያስወጣም።

አፌን መልሼ ዘጋሁት።